በሽርጧ ኪስ የቀረው ቀይ ማሰሪያ

አክስቴ የተቀደደ ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ለጥየቃ በሄደችበት ቤት የተተረተረ መጋረጃ ካየች፣ ጨዋታዋን ሳታቋርጥ ከቀሚሷ ደረት ላይ መርፌ ነቅላ መጥቀም ትጀምራለች። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ጓደኞቼ ፊት፣ የሸሚዜን ቁልፍ እንደለበስኩት ሰፋችልኝ። ክሩን በጥርሷ ልትበጥስ ደረቴ ላይ ስትደፋ ያዩኝ ጓደኞቼ እስክመረቅ ድረስ "ጨቅላው" ሲሉኝ ኖሩ።

ያን እጇን ሳስብ ይገርመኛል። የእንስሳት መጠለያ ግቢዋን ያቆመው እሱ ነው፤ ሊያፈርሰው የደረሰውም እሱ ነው።

ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ በዳቦ ቤትና በቁልፍ ቀራጭ መካከል፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ነበረች። አንድ ጠዋት መኪና የገጨው ውሻ ደጃፏ ላይ ወድቆ አገኘች። ታፋው ተቀዷል። "ሰፊ ነኝ፣ ሰፋሁት" ነው የምትለው፤ ሌላ ማብራሪያ የላትም። ኋላ ያየው የእንስሳት ሐኪም ስፌቱን እየዳበሰ፣ "እትዬ፣ ይሄማ የሱሪ ጠርዝ ነው!" ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ግን ተቆጣ፤ ቁስሉ ውስጥ ቆሻሻ ዘግታበት ነበር። "ሁለተኛ እንዳይሞክሩት። ይጥሩኝ፣ እመጣለሁ" አላት። ሰውየው ያን ቃል ከአፉ ካወጣ በኋላ ዕረፍት የሚባል ነገር አላየም።

ከውሻው በኋላ ሁለት ድመቶች መጡ፤ ከድመቶቹ በኋላ ጌታዋ አርጅታለች ብሎ መንገድ ላይ የለቀቃት፣ አንድ ዓይኗ የጠፋ አህያ። ደንበኞቿ መነጫነጭ ጀመሩ። "እትዬ፣ ኮት ነው ያሰፋሁት ወይስ ድመት?" አለ አንዱ፣ ከትከሻው ላይ ጸጉር እየለቀመ። በመጨረሻ ከሰፈሩ ጫፍ ያለውን፣ ሥራ ያቆመ የእንጨት መሰንጠቂያ ግቢ ተከራየች። ከጡረታ በኋላ ቤት መቀመጥ ያስጠላው አንድ ፖስተኛ አብሯት ገባ። የብረቱ በር ላይ "ደመና" ብሎ በነጭ ቀለም የጻፈው እሱ ነው።

"ለምን ደመና?" ብዬ ጠይቄያት ነበር።

"ምነው፣ መጥፎ ቃል ነው?" ብላ ክር መርፌ ውስጥ ማግባቷን ቀጠለች።

ለግራጫው የቆርቆሮ ጣሪያ መስሎኝ ተውኩት።

በዚያ ዘመን ሰው ስለ ውሾች አቤት ባለ ቁጥር የከተማው ጤና ክፍል የተመረዘ ሥጋ ያስጥል ነበር። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ በሞቱ ውሾች ላይ እየተራመዱ ነበር። አክስቴ ቢሯቸው እየተመላለሰች፣ ወንበራቸው ላይ ያገኘችውን የተቀደደ ሽፋን እየሰፋች፣ አሰልችታ አሸነፈቻቸው። ውሉ አጭር ነበር፤ ውሾቹን ታስከትባለች፣ ባለቤት ትፈልግላቸዋለች፣ እነሱም በሰፈሩ መርዝ አይጥሉም። ነገር ግን በእሷ እጅ ያለፈ አንድ የታመመ ውሻ ሰው ከነከሰ ግቢው ይዘጋል፤ መርዙም ይመለሳል።

ይህን ውል ለመጠበቅ ነው የአንገት ማሰሪያውን ያመጣችው። ከትርፍራፊ ጨርቅ እየሰፋች ለእያንዳንዱ እንስሳ ታስርለታለች። ቀይ ያሰረ አዲስ ገቢ ነው፤ ጤናው እስኪታወቅ ለብቻው ይቀመጣል፣ ማንም አይነካውም። አረንጓዴ ያሰረ ተመርምሮ፣ ተከትቦ፣ አሳዳጊ የሚጠብቅ ነው። ሐኪሙ ደግሞ የከተበውን ሁሉ ማጅራቱ ላይ በምላጭ ትንሽ ጸጉር ላጭቶ ምልክት ያደርግበታል። አክስቴ ማሰሪያውን ሰፋ አድርጋ ስለምትሰፋው ምልክቱ ከሥሩ ይሸፈን ነበር። "መላጣው አያምርም" ትላለች።

አንድ ሌላ ሕግም ነበራት። ማንም አንገቱ ባዶ ሆኖ አይታይ። "አንገቱ ባዶ የሆነ ውሻ የማንም ነው፤ የማንም በሆነ ውሻ ላይ ደግሞ ሁሉም ድንጋይ ያነሳል።"

ስለ አክስቴ ከጻፍኩ ስለ አንድ ፎቶግራፍ መናገር አለብኝ። ከአባቴና ከእሷ በታች አንድ ወንድም ነበራቸው፤ ልጅ ሆኖ ሞቷል። በቤታችን የቀረው አንድ ፎቶው ነው፤ ቁምጣ ለብሶ፣ በፀሐይ ዓይኑን አጥብቦ ቆሟል። የፎቶው አንድ ጎን በመቀስ ተቆርጧል። በተቆረጠው ጠርዝ ላይ፣ ከልጁ ጉልበት አጠገብ፣ ግራጫ የሆነ የጭራ ጫፍ የመሰለ ነገር ይታያል። ልጅ ሆኜ "ይሄ ምንድን ነው?" ስለው አባቴ "ጥላ ነው" አለኝ። ስለ ምን እንደሞተ ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። በአንዳንድ ቤት እንዲህ ያለ ዝምታ እንደ ቁም ሣጥን ነው፤ ከቦታው ስለማይነቃነቅ ዞረህ ማለፍ ትለምዳለህ።

ሰው መጥቶ ውሻ የሚወስድበት የመጀመሪያው ትልቅ የአሳዳጊዎች ቀን ሊደርስ ሲል፣ አንዲት ቡኒ ውሻ ከቡችሎቿ ጋር ወደ ግቢው መጣች። እናትየዋ ስትመጣም ደህና አልነበረችም። መንጋጋዋ ወርዶ፣ ለሃጯ እየተዝረበረበ፣ ወዲያው ሞተች። ሐኪሙ ናሙና ወስዶ ወደ ምርመራ ክፍል ላከ። ቡችሎቹ ቀይ ታስሮላቸው ለብቻ ገቡ።

ቀኑ ሲደርስ ግቢው በሰው ሞላ። አክስቴ ስፌት መኪናዋን ከዛፉ ሥር አውጥታ ለሚሄዱት ውሾች ማሰሪያ ታጠብቃለች። የጤና ክፍሉ ተቆጣጣሪ በክብር እንግድነት ተጠርቶ፣ አዲስ ጫማውን ከውሻ ሽንት እየጠበቀ፣ ወንበር ላይ ለስላሳ ይጠጣል። አረንጓዴ ያሰሩ ሦስት ቡኒ ቡችሎች ለሦስት ቤት ተሰጥተዋል። አንዷን አሳዳጊ አስታውሳታለሁ፤ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ከፀጉር አስተካካይ አጎቷ ጋር የመጣች ልጅ ናት። ቡችላውን ሹራቧ ውስጥ ከትታ ስትወጣ አጎቷ፣ "ጸጉሩን በነፃ ነው የምቆርጥለት፤ ጢሙን ግን ያስከፍለዋል" እያለ ሰው ያስቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ደወለ። አጠገቧ ስለነበርኩ ድምፁ ይሰማኛል።

"እትዬ፣ እናትየዋ ላይ ተረጋግጧል። የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቡችሎቹን ማንም እንዳይነካቸው።"

"ማንም አልነካቸውም። ለብቻ ናቸው" አለች። ይህን እያለች ግራ እጇን ክር ፍለጋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። እዚያው ቀረ። ቀስ ብላ ስታወጣው በጣቶቿ መካከል የተበላ ቀይ ማሰሪያ ነበር።

ጠዋት ቡችሎቹን ልታይ ገብታ፣ የአንዱ ማሰሪያ በወንድሞቹ ጥርስ ተተርትሮ አይታለች። እጇ አላስቻላትም። ልትጠቅመው ፈታችው። አንገቱ ባዶ እንዳይሆን ደግሞ ከቅርጫቷ የመጣላትን አስራለት፣ ስፌት መኪናው ሥር አስቀመጠችው። ያኔ ሰው መግባት ጀመረ።

"ጋሼ" አለች ፖስተኛውን፣ "መኪናው ሥር የነበረው ቡችላ የት ሄደ?"

"የቱ? አረንጓዴ ያሰረው? ወደ ጓደኞቹ መለስኩት እንጂ! አረንጓዴ ከቦታው አይውጣ ያልሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?" ይህን ሲል እጇ ላይ ያለውን አየ። ከጨርቅ ክምሩ ላይ ቁጭ አለ። "ኧረ ጉዴ ፈላ።"

ወደ ቀዮቹ ቤት ሮጬ አየሁ። አንድ ጎድሏል።

ስመለስ ፖስተኛው ጆሮዋ ሥር ያንሾካሹካል። "ድምፅሽን ቀንሺ። ሦስት ቡኒ ነው የወጣው፣ የሦስቱንም በር አውቀዋለሁ፤ ዕድሜ ልኬን ያንኳኳሁት በር ነው። 'ክትባት ረስተናል' ብለን ሰብስበናቸው እንመጣለን። ሰውየው ጠርሙሱን ሳይጨርስ እዚህ ነን። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ።"

አክስቴ ተቆጣጣሪውን አየችው። ጠርሙሱ ግማሽ ደርሷል። ከዚያ ውሾቹን፣ ግቢውን፣ አንድ ዓይናዋን አህያ አየች። እኔ በልቤ ከፖስተኛው ጋር ነበርኩ። ብልህ ሐሳብ መስሎኝ የመኪናዬን ቁልፍ አውጥቻለሁ።

"የተነከሰ ልጅ ካለስ?" አለች። "ክትባት ረስተናል ለሚል ሰው ማን እጁን ገልጦ ያሳያል?"

ወንበሯ ላይ ወጣች። ድምፅዋ ትልቅ አይደለም፤ ግን ሰው ወንበር ላይ የወጣ ሴት ሲያይ ዝም ይላል።

"ስሙኝ። ዛሬ ከዚህ ከወጡት ቡኒ ቡችሎች አንዱ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ማሰሪያውን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ቡኒውን የነካ፣ የተላሰ፣ የተቧጨረ ሰው አሁኑኑ በሳሙና ይታጠብና ጤና ጣቢያ ይሂድ። ማንም እንዳያፍር። ማንም እንዳይደብቅ።"

ግቢው እንደተነካ የንብ ቀፎ ሆነ። እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወጡ። አንዱ "ድሮስ ውሻ ከሰው በልጦባት!" ብሎ ተፋ። አክስቴ ወርዳ ተቆጣጣሪው ፊት ቆመች።

"ልጄ፣ ሰምተሃል።"

"ሰምቻለሁ እትዬ።" ጠርሙሱን መሬት አስቀመጠ። "ውላችንንም ያውቁታል።"

"አውቀዋለሁ። በሩን ዝጋው። መጀመሪያ ግን እኔን አስወጣኝ።"

ከፍቶ አስወጣን፤ ከኋላችን ሲቆልፍ የሰንሰለቱን ድምፅ ሰማሁ።

እኔ እነዳለሁ፣ ፖስተኛው ከጎኔ መንገድ ያሳያል፣ እሷ ከኋላ ካርቶን አቅፋለች። ቀዩ ማሰሪያ አሁንም ጣቷ ላይ ተጠምጥሟል። መጀመሪያው ቤት ያረጁ ባልና ሚስት ናቸው፤ ቡችላው ምንጣፋቸው ላይ ተኝቷል። አክስቴ ማሰሪያውን ገለጠች። የተላጨው ምልክት አለ። ሁለተኛው መኪና መጠገኛ ነበር። ጎማ ሥር የተደበቀውን ቡችላ መካኒኩ በዘይት እጁ አንጠልጥሎ አመጣው። ምልክቱ አለ። ፖስተኛው "ተመስገን" ሊል አፉን ከፈተና መለሰው። ሦስተኛው ማን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን።

ፀጉር ቤቱ ስንደርስ አስተካካዩ የአንድ ደንበኛ ፊት በአረፋ ሞልቶ ምላጭ ይስላል። ልጅቷ ጥግ አግዳሚው ላይ፣ ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር አድርጋ ተቀምጣለች።

"እንዴ እትዬ! ጢሙን ልታስላጩት መጣችሁ?" አለ አስተካካዩ። ፊታችንን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። አክስቴ ሁሉንም ነገረችው። እሱ ወደ ልጅቷ ዞረ። "ሚጡ፣ ውሻሽ የት አለ?"

"ጠፋ" አለች ልጅቷ።

"መቼ? አሁን አብረሽው አልነበርሽ?"

"በበሩ ወጣ።"

"ነክሶሻል?"

"አልነከሰኝም።"

አስተካካዩ እፎይ ብሎ ምላጩን አነሳ። ደንበኛውም ከአረፋው ውስጥ፣ "በቃ አልነከሳትም አለች እኮ፤ ሰውዬ ጨርሰኝ፣ ፊቴ ደረቀ" አለ። ፖስተኛው ቡችላውን ፍለጋ ወደ መንገድ ሊወጣ ነበር። አክስቴ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። የልጅቷን ሹራብ ታያለች። የቀኙ እጅጌ እስከ ጣቶቿ ድረስ ተጎትቷል፤ ጠርዙ ላይ ክሩ አዲስ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል።

አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። ከደረቷ መርፌ ነቀለች።

"እጅጌሽ ተተርትሯል። ነይ ልስፋልሽ።"

ልጅቷ ክንዷን ወደ ሆዷ ሰበሰበች። "አልፈልግም።"

"እሺ።" መርፌውን መልሳ ሰካችው። መናገር ጀመረች፤ ወለሉ ላይ የተበተነውን ጸጉር እያየች። "ወንድም ነበረኝ፤ በአንቺ ልክ። ውሻም ነበረው። አብረው ነው የሚበሉት። አንድ ቀን ውሻው ነከሰው፤ ትንሽ ነው፣ እጅጌው ሥር። አባታችን ውሻዬን ይገድልብኛል ብሎ ፈራ። እጅጌውን ጎተተና ዝም አለ።"

"ከዚያስ?"

"ቁስሉ ዳነ። እሱ አልዳነም።"

ምላጩ መንቀሳቀስ አቆመ። እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ያን ፎቶ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ልጁ ረጅም እጅጌ ለብሶ እንደነበር ግን ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

"ውሻውስ?" አለች ልጅቷ።

"ውሻውም ሞተ። እሱ መደበቁ ውሻውን አላተረፈውም።"

ከእጅ መታጠቢያው በታች ካለው የፎጣ ሣጥን ውስጥ ቀጭን የማልቀስ ድምፅ መጣ። ሁላችንም ሰማን። ማንም አልተነሳም።

"ትገድሉታላችሁ?"

አስተካካዩ ከልጅቷ ራስ በላይ አክስቴን "አይ በያት" በሚል ዓይን ይለምናታል።

"አላውቅም" አለች። "ከታመመ እኛ ባንነካውም ይሞታል። ካልታመመ እየጠበቅን እናያለን። ልዋሽሽ አልመጣሁም። አንቺን ግን ማዳን እንችላለን፤ ዛሬ ካሳየሽኝ።"

ልጅቷ እጅጌዋን ቀስ ብላ ሰበሰበችው። ከእጅ አንጓዋ በላይ ሁለት ነጥቦች ነበሩ፤ መርፌ የወጋው ያህል ጥቃቅን።

አስተካካዩ ምላጩን ወረወረ። ክንዷን ቧንቧ ሥር አድርጎ በሳሙና አጠበው፤ ደግሞ አጠበው፤ አክስቴ "አሁንም" ትላለች፣ እሱ ያጥባል። ደንበኛው ፊቱ ላይ ደረቅ አረፋ ይዞ የጤና ጣቢያው በር ሳይዘጋ እንድንደርስ መኪናዬን ገፋልን፤ እንደ ልማዷ አልነሳ ብላ ነበር። ቡችላውን ካርቶን ውስጥ ስትከተው አክስቴ አረንጓዴውን ማሰሪያ ፈታች። ማጅራቱ ላይ ጸጉሩ ሙሉ ነበር።

ቡችላው ብዙ ሳይቆይ ታመመ፤ ሐኪሙ ዘንድ ሞተ። የቀሩት ወንድሞቹም አልተረፉም። አክስቴ ይህን ለልጅቷ የነገረቻት ራሷ ሄዳ ነው። ልጅቷ ፊቷን አዞረችባት። አክስቴ ግን መርፌ በምትወጋበት ቀን ሁሉ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ አጠገቧ ትቀመጥ ነበር፤ አንድም ቃል አይለዋወጡም። በመጨረሻው መርፌ ቀን ያደረስኳቸው እኔ ነበርኩ። ልጅቷ ክንዷን በጥጥ እንደያዘች ድንገት፣ "የወንድምሽ ውሻ ማን ነበር ስሙ?" አለቻት።

"ደመና" አለች አክስቴ።

"ለምን?"

"ግራጫ ስለሆነ። እሱ ነው ያወጣለት።"

የመኪናዬን ቁልፍ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። በመቀስ የተቆረጠው የፎቶው ጎን፣ የብረቱ በር፣ "መጥፎ ቃል ነው?" ያለችኝ ቀን፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጣብኝ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ውሻ ያለበት ቤት አልገባም። እሷ ደግሞ የዚያኑ ውሻ ስም በር ላይ አስጽፋ፣ ውሾቹን ሁሉ ወደ ውስጥ አስገባች። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ ወንድሙን እንደወደደ ለመፍረድ አልችልም።

በሩ ክረምቱን ሙሉ ተቆልፎ ከረመ። ተቆጣጣሪው የሚፈቅደው ምግብና ሐኪም ብቻ ነበር። አለቆቹ መርዙን ሊመልሱ ሲሰበሰቡ ግን፣ እሱ ተነስቶ፣ "በሌላው ሰፈር የተነከሰ ልጅ እንዳለ የምንሰማው ከሞተ በኋላ ነው። ከዚህ ግቢ የሰማሁት ሕፃኗ ሳትታመም ነው" ማለቱን ኋላ ሰማን። ሰንሰለቱን የፈታውም ራሱ ነው።

የዚያን ዕለት ፖስተኛው የቀለም ቆርቆሮውን ይዞ በሩ ፊት ቆመ። "እህቴ፣ እንደ አዲስ ስንጀምር ስሙን እንለውጠው። ሰው 'ደመና' ሲል ያ ቀን ነው ትዝ የሚለው።"

"ይበለው" አለች። "ያንኑ አድምቀህ ጻፈው።"

ዛሬ ግቢው ሁለት ሆኗል። ሐኪሙ የራሱ ክፍል አለው፤ ውሾች ከየሰፈሩ እየመጡ የሚከተቡበት ቀንም ተቆርጧል። ማሰሪያዎቹ ጠበዋል፤ መላጣው ለማንም ይታያል። ልጅ ይዞ የመጣ አሳዳጊ ውሻውን ከመቀበሉ በፊት አክስቴ ልጁን ለብቻ ጎንበስ ብላ ትጠይቀዋለች፤ "ጥርሱ ቢነካህ ለማን ትነግራለህ?" ልጁ በራሱ አፍ እስኪመልስ ድረስ ውሻው አይወጣም። ያቺ ልጅ አሁን ራሷን ችላ የምትሠራ ሴት ናት። ውሻ አላሳደገችም፤ ድመት ወስዳለች።

የደመና በር ላይ፣ ከስሙ ሥር፣ አንዲት ትንሽ፣ የመርፌ መሰኪያ የጨርቅ ትራስ ተሰቅላለች። አክስቴ ስትገባ መርፌዋን ከደረቷ ነቅላ እዚያ ትሰካለች፤ ስትወጣ ታነሳለች። ባለፈው ልጠይቃት ሄጄ ዛፉ ሥር ስንጫወት፣ ዓይኗ የኮቴ ጠርዝ ላይ አረፈ። ስፌቱ ለቋል። እጇ ሳታውቀው ወደ ደረቷ ሄደ፤ ባዶውን ዳብሶ ተመለሰ።

"ስትወጣ" አለችኝ፣ ወደ በሩ በአገጯ እያሳየች።